የሚሸሽ ጀልባ

በደቡብ እንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ከተሞች በሸራ መጓዝ የሚማር ሰው ገና ገመድ አያያዝ ሳይለምድ የሚነገረው ምክር አለ፦ መርከብ ካየህ ሽሽ። ደንቡ ምን ይላል ብለህ አትጨነቅ። እሱ 200 ሺህ ቶን ነው፣ አንተ 8 ቶን ነህ። ደንቡ ካንተ ጋር ሆኖ ብትሞት ምን ይጠቅምሃል? ይህን የሚሉት ሰዎች ሞኞች አይደሉም፤ አብዛኞቹ ከእኔ ይልቅ ብዙ ዘመን ባሕር ላይ የኖሩ ናቸው። ምክራቸውም ሲሰሙት ትሕትና ያለበት ይመስላል፤ ባሕር ላይ ደግሞ ትዕቢተኛ አይወደድም። እናም ምክሩ ከቢራ ጠረጴዛ ወደ ማሠልጠኛ ክፍል እየተላለፈ፣ ማንም ሳይመረምረው፣ እውነት ሆኖ ተቀምጧል።

እኔ አልቀበለውም። መርከብ በሚበዛበት ውኃ ላይ ባየችው ቁጥር የምትሸሽ ትንሽ ጀልባ ራሷን አታድንም። የምታስቸግረው መርከቦቹን ብቻ ቢሆን ኖሮ እንኳ ዝም ባልኩ፤ ግን ቀድማ የምትጎዳው ራሷ ነች።

ነገሩን በአንድ መንገድ ላይ እናስቀምጠው። ከዋይት ደሴት ምዕራባዊ ጫፍ፣ ኒድልስ ከሚባሉት ነጫጭ ቋጥኞች ተነሥቶ ወደ ፈረንሳዩ ሼርቡር የሚሻገር ሰው 60 የባሕር ማይል ያህል ይጠብቀዋል። ባለ ሸራ ጀልባ በ5 ወይም በ6 ኖት (አንድ ኖት በሰዓት አንድ የባሕር ማይል ነው) ስትሄድ ይህ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ይወስዳታል። ከአትላንቲክ ወደ ሮተርዳም፣ ወደ አንትወርፕና ወደ ሃምቡርግ የሚገባውና ከዚያ የሚወጣው መርከብ ይህን የእንግሊዝ ቻናል ርዝመቱን ይዞ ስለሚጓዝ የጀልባዋን መንገድ ማቋረጡ አይቀርም። በምሥራቅ በዶቨር ሰርጥ፣ በምዕራብ በካስኬትስ ቋጥኞች አጠገብ የመርከቦች መሄጃና መመለሻ ካርታ ላይ ተለይቶ ተሠምሯል። በሁለቱ መካከል፣ የሼርቡር መንገደኛ በሚሻገርበት ቦታ፣ እንዲህ ያለ መሥመር የለም። ቢሆንም መርከቦቹ ከአንዱ መሥመር ወጥተው ወደ ሌላው የሚገቡ ናቸውና ወደ ምዕራብ የሚሄዱት በእንግሊዝ በኩል፣ ወደ ምሥራቅ የሚሄዱት በፈረንሳይ በኩል ማለፍ ያዘወትራሉ። ወደ ደቡብ የምትወርደው ጀልባ መጀመሪያ ከግራዋ የሚመጡትን፣ ከዚያ ከቀኟ የሚመጡትን ታገኛለች ማለት ነው።

እዚህ ቦታ ላይ የሚሠራው ተራው ደንብ ነው፤ እ.ኤ.አ በ1972 ተፈርሞ በ1977 ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፉ የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ደንብ። ደንብ 18 በሞተር የሚሄድ መርከብ በሸራ ለሚሄድ መንገድ ይልቀቅ ይላል። ይህን ጀማሪውም ያውቀዋል፤ የሽሽት መምህራኑም የሚያፌዙት በዚህ ላይ ነው። የሚዘነጋው ደንብ 17 ነው። አንዱ መንገድ እንዲለቅ ሲታዘዝ፣ ሌላው አቅጣጫውንና ፍጥነቱን ሳይለውጥ እንዲቀጥል ይታዘዛል። ለጀልባዋ የተሰጣት የማለፍ መብት አይደለም፣ ያለመለዋወጥ ግዴታ ነው። መርከቡ ዞር ብሎ እንዲያልፋት ስሌት ሲሠራ፣ ስሌቱ የቆመው እሷ አሁን በያዘችው አቅጣጫና ፍጥነት ላይ ነው። መገናኛ አካባቢ መኪና የነዳ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፦ የሚያስፈራው እግረኛ ቀጥ ብሎ የሚሻገረው ሳይሆን፣ ሁለት እርምጃ ሄዶ የሚመለስና እንደገና የሚሮጠው ነው።

አሁን ወደ መርከቡ ብሪጅ፣ ወደ መንጃ ክፍሉ፣ እንውጣ። ሌሊት ነው፤ ተረኛው መኮንን ምናልባት ከአንድ ጠባቂ ጋር ቆሟል። ፍጥነቱ 18 ወይም 20 ኖት ነው። ጀልባዋን በጥሩ ባሕር ላይ ራዳሩ ስድስት ሰባት ማይል ላይ ሊያሳየው ይችላል፤ መለያ ምልክቷን የምታሠራጭ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ቀድሞ። ጠንቃቃ መኮንን በ7 ማይል ርቀት ላይ 5 ዲግሪ ብቻ ያዞራል። እዚያ ርቀት ላይ 5 ዲግሪ ማለት ጀልባዋ ጋ ሲደርስ ከግማሽ ማይል በላይ ማለት ነው። ከዚያ «ይህቺ ተጠናቀቀች» ብሎ ወደሚቀጥለው ይሄዳል፤ ከፊቱ ገና ከፖርትስማዝ የወጣ የመንገደኞች መርከብ፣ ሁለት ዓሣ አጥማጆች፣ ከኋላው የሚቀድመው ሌላ የጭነት መርከብ አለ።

ጀልባዋ ላይ ያለው ሰው ያቺን 5 ዲግሪ በዓይኑ ሊያያት አይችልም። የሚያየው ጥቁር ግንብ ወደ እሱ ሲመጣ ነው። «አላየንም» ይላል፤ ይዞራል። መኮንኑ ለአሥር ደቂቃ ያበጀው ሥራ በአንድ የመሪ እንቅስቃሴ ፈረሰ። ደንብ 8 ዞር የሚል ሰው ሌላው እንዲያይለት በግልጽና በሰፊው እንዲዞር፣ በትንሽ በትንሹ እንዳይለዋወጥ የሚያዘው ስለዚህ ነው፤ ይህን የማይፈጽሙ የመርከብ መኮንኖችም ሞልተዋል፤ 5 ዲግሪ አዙረው ጀልባዋ እንድትረዳላቸው የሚጠብቁ። እነሱንም አልከላከልም። ግን ስንፍናቸው የሚታረመው በጀልባዋ ሽሽት አይደለም። የሚታረመው ጀልባዋ ላይ ባለው ኮምፓስ ነው።

እንዴት እንደሆነ በቅርበት ላሳይ። በዚያው መንገድ፣ በቻናሉ ሰሜናዊ አጋማሽ፣ ከአንድ ሐበሻ ጓደኛዬ ጋር ሌሊት እየተሻገርን ነበር። አቅጣጫችን 180 ዲግሪ፣ ነፋሱ ከምዕራብ፣ ሞተር ጠፍቷል። ከግራችን የአንድ ትልቅ መርከብ ሁለት ነጫጭ የምሰሶ መብራቶች ታዩ። በእጅ የሚያዘውን ኮምፓስ አንሥቶ አነጣጠረ፦ 107። ከሦስት ደቂቃ በኋላ እንደገና፦ 107። የአቅጣጫው ዲግሪ ካልተለወጠ ግጭት አለ ማለት ነው፤ ይህ የባሕር ሰው ሀ ሁ ነው። አረንጓዴ መብራቱም ታየን፤ ቀኝ ጎኑን ነው የምናየው። ሦስት ማይል ያህል ሲቀረው ከአረንጓዴው አጠገብ ቀዩም በራ። ሁለቱ አብረው ሲታዩ አፍንጫው በቀጥታ ወደ አንተ ዞሯል ማለት ነው።

«ኧረ መጣብን! እናዙር እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አለኝ።

«ቆይ፣ ኮምፓሱን ድገመው።»

105 ሆኗል። ወዲያው አረንጓዴው ጠፍቶ ቀዩ ብቻ ቀረ፤ ቀጥሎ 101። መርከቡ ወደ ቀኙ ዞሮ ከኋላችን ለማለፍ አፍንጫውን በእኛ ላይ አሻግሮ ማዞር ነበረበት፤ ያ ሁለቱም መብራቶች የታዩበት ቅጽበት ደንቡን የሚፈጽምበት ቅጽበት ነበር። የሽሽት ምክር የተማረ ሰው ጀልባዋን መልሶ ወደ ሰሜን የሚያዞረው ያን ጊዜ ነው። መርከቡ ሊያልፍበት የመረጠው ቦታ ደግሞ ያ ሰሜኑ ነው። ከመልካም ጥንቃቄ የሚመጣ ግጭት ይሄ ነው፤ ሁለቱም «ለሌላው ስል» ብለው እዚያው ይገናኛሉ።

የሽሽቱን ሒሳብ ራሱን እንመልከተው። ጀልባዋ በስድስት ደቂቃ ውስጥ በ5 ኖት ግማሽ ማይል ትሄዳለች፤ መርከቡ በ20 ኖት ሁለት ማይል። በፍጥነት የምታመልጠው ነገር የለም። የጀልባዋ ሀብት መዞር ነው፤ በራሷ ርዝመት ጥቂት እጥፍ ቦታ ላይ ልትዞር ትችላለች፤ 400 ሜትር የሚረዝመው የኮንቴይነር መርከብ ይህን በሕልሙም አያስበው። ይህን ሀብት ደግሞ ቀድሞ ማባከን አያስፈልግም፤ ዘግይቶም ይሠራል። መርከቡ አንድ ማይል ተኩል ሲቀረው ተዙሮ ከመንገዱ ጎን ለጎን የተሮጠ እንደሆነ ወደ አራት ደቂቃ ተኩል አለ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ጀልባዋ ወደ 700 ሜትር ትርቃለች። ያ ትልቅ መርከብ በወርዱ 60 ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ ስድስት ማይል ላይ የሚያጣድፍ ምን አለ?

መርከቡ «ፍጥነት ይቀንስ» የሚሉም አሉ። የመርከቡን ሆድ ስለማያውቁ ነው። ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም ማሠልጠኛ ወጥተው በየአገሩ መርከብ የሞተር ክፍል ውስጥ የሚሠሩ የአገራችን ልጆች ይህን ቢጠየቁ ይስቃሉ። ያን የሚያህል ሞተር ከሙሉ ጉዞ ወደ ወደብ ፍጥነት የሚወርደው አስቀድሞ ተነግሮት፣ ደረጃ በደረጃ፣ ጊዜ ወስዶ ነው። ብሪጁ በመሪው ነው የሚያመልጠው። መሪ የሚሠራው ደግሞ የምትሸሸው ነገር የት እንደሚሆን ሲታወቅ ነው።

ታዲያ ይህ ምክር ከየት መጣ? በእኔ ግምት ከወደብ ነው። ሶለንት በሚባለው፣ በዋይት ደሴትና በዋናው ምድር መካከል ባለው ጠባብ ውኃ፣ ርዝመታቸው ከ150 ሜትር በላይ የሆኑ መርከቦች ወደ ሳውዝሃምፕተን ሲገቡ በተወሰነው ክልል ውስጥ ከፊታቸው 1,000 ሜትር፣ ከጎንና ጎናቸው 100 ሜትር ትናንሽ ጀልባዎች እንዳይገቡ የተከለከለ ነው። ልክ ነው፤ መርከቡ እዚያ መዞሪያ የለውም፤ ጥልቁ ውኃ ጠባብ ነው። የብሪታንያ የሸራ ተማሪ ብዙው ትምህርቱን የሚማረው እዚህ ነው፤ በየቀኑ ለመርከብ ቦታ ሲለቅ ይውላል። ከኒድልስ ሲወጣ ልማዱን ይዞት ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ያለው ባሕር ግን ለመርከቡም ሰፊ ነው፤ ደንቡም ሌላ ነው።

ሁልጊዜ የሚሸሽ ሰው ሌላም የሚያጣው ነገር አለ፦ ማን ለማን እንደሚለቅ መማር አይፈልግም። ነፋስ ሲደክም ሞተር ያስነሣል። ሸራው ተሰቅሎ ቢቆይም በደንቡ ዓይን ጀልባዋ ያን ጊዜ የሞተር ጀልባ ናት። ከግራ የሚመጡት ያው መልቀቅ አለባቸው፤ ቻናሉን አጋምሶ ከቀኝ የሚመጡትን ሲያገኝ ግን ግዴታው በእሱ ላይ ወደቀ፤ ያን ጊዜ መዞር ያለበት እሱ ነው፣ ቀደም ብሎ፣ በሰፊው። ይህን ለመርከቦቹ የሚናገር ጥቁር ሾጣጣ ምልክት ጫፉ ወደ ታች ሆኖ እንዲሰቀል ደንቡ ያዛል። ሰቅሎት ያየሁት ሰው በጣም ጥቂት ነው፤ ብዙዎቹ ጀልባ ላይ ዕቃው ራሱ ከመኝታው ሥር ገና ከነላስቲኩ ነው።

ጭጋግ ሲመጣ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ አጭበርባሪ እሆናለሁ። ዓይን ለዓይን ካልተያዩ ደንብ 17 የለም። ደንብ 19 ለሁለቱም እኩል ይደርሳል፣ አቅጣጫውን ጠብቆ የሚቀጥል የሚባል ወገን አይኖርም። እ.ኤ.አ ግንቦት 28 ቀን 2003 ከፈረንሳይ ወደ እንግሊዝ የምትመለስ ዋኩና የምትባል ጀልባ በከባድ ጭጋግ ውስጥ ፒ ኤንድ ኦ ኔድሎይድ ቬስፑቺ ከተባለ የኮንቴይነር መርከብ ጋር ተጋጨች። መርከቡ በዚያ ጭጋግ 25 ኖት ይሄድ ነበር። የጀልባዋ ካፒቴን መርከቡን በራዳር አይቶት ነበር፤ ይለፍ ብሎ ጀልባዋን አቆማት። መርከቡ ላይ ደግሞ ካፒቴኑ በራዳሩ ስሌት ተማምኖ፣ ከአንድ ማይል ባነሰ ርቀት እንተላለፋለን ብሎ ተቀብሎ ነበር። የጀልባዋ አፍንጫ ተቆርጦ ሰመጠች፤ ሰዎቹ በነፍስ አድን ጀልባ ላይ ቆይተው ከሰዓታት በኋላ ሁሉም ተረፉ። የብሪታንያ የባሕር አደጋ መርማሪዎች ሁለቱንም ወቅሰዋል፤ መርከቡን በፍጥነቱና በጠባብ ርቀት በመርካቱ፣ ጀልባዋን የጭጋጉን ደንብና የራዳሩን አጠቃቀም በቅጡ ባለማወቋ። ለእኔ ክርክር ይህ ንጹሕ ማስረጃ አይደለም፣ ጭጋግ ነውና። ግን «ቆም በልና ትልቁን አሳልፈው» የሚለው የዋህ ጥበብ አንድን ስሌት እንዴት እንደሚያፈርስ ከዚህ በላይ የሚያሳይ አላውቅም።

ተቃዋሚዎቼ ሁልጊዜ የሚጠሩት ሌላ ስም አለ፦ ኡዞ። እ.ኤ.አ በነሐሴ 2006 ሌሊት ከዋይት ደሴት በስተደቡብ ይህቺ ትንሽ ጀልባ ጠፋች፤ ሦስት ሰዎች ሞቱ። ምርመራው ፕራይድ ኦፍ ቢልባኦ ከተባለው የመንገደኞች መርከብ ጋር እንደተጋጨች ወይም በሞገዱ እንደተገለበጠች ደመደመ። «አየህ፣ አያዩህም» ይሉኛል። እስማማለሁ፣ በጊዜ አላዩዋትም። መርማሪዎቹ ለምን በጊዜ እንዳልታየችም ጽፈዋል፦ የራዳር አንጸባራቂዋ ደካማ ነበር፤ መርከቡ ላይ የነበረው ጠባቂ ደግሞ በብርሃን የሚጠቁር መነጽር አድርጎ ነበር፤ እንዲህ ያለ መነጽር በጨለማም ቢሆን ከብርሃኑ የተወሰነውን ያስቀራል። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ይህ ነው፦ ጥሩ አንጸባራቂ ግዛ፤ ከተቻለ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን። የመብራትህን ብርጭቆ ጥረግ። ያልታየ ጀልባ ቢሸሽም አልታየም፤ ከሞት የሚለየው መታየቱ ነው እንጂ ሽሽቱ አይደለም።

ስለ መሥመሮቹ ደግሞ አንድ ነገር። ዶቨር ሰርጥ 33 ኪሎ ሜትር ብቻ በሚሰፋበት ቦታ በቀን ከ400 በላይ መርከቦች ያልፋሉ። እ.ኤ.አ በ1967 የተጀመረው የመሥመር አከፋፈል በመጀመሪያ በፈቃድ ነበር። በጥር 1971 ፓራካስ የተባለው መርከብ በተሳሳተው ወገን ሲሄድ ቴክሳኮ ካሪቢያን ከተባለው ነዳጅ ጫኝ ጋር ተጋጨ፤ በማግሥቱ ብራንደንቡርግ፣ በየካቲት ደግሞ ኒኪ የተባሉ መርከቦች በስብርባሪው ላይ ወጥተው ሰመጡ። ዛሬ በእነዚህ መሥመሮች ውስጥ ደንብ 10 ከ20 ሜትር በታች ለሆነ ወይም በሸራ ለሚሄድ ጀልባ የመርከቦቹን መንገድ አታሰናክል ይላል። የሽሽት ወገን ይህን ሲያገኝ ይፈነጥዛል፤ «አላልንም?» ይላል። አላላችሁም። አታሰናክል ማለት ቀዳዳውን ከሩቅ መርጠህ ግባ፣ ለመርከቡ ቦታ እንዲኖረው አስቀድመህ አድርግ ማለት ነው። ግጭት እየቀረበ ከሆነ ግን መርከቡ ከግዴታው ነፃ አይወጣም፤ ደንብ 8 ይህን በግልጽ ጽፎታል። መሥመሩ ውስጥ ገብቶ መርከብ ባየ ቁጥር የሚዞር ጀልባ ደግሞ እዚያው ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ ያራዝማል። የሚገባው ለመሥመሩ በቀጤ ማዕዘን አፍንጫን ይዞ ቶሎ መውጣት ነው። አፍንጫን ነው ያልኩት፤ ውኃው ወደ ጎን ቢገፋህም ለመታገል አታጠማዝዛት። ከታገልከው መርከቦቹ የሚያዩት ገጽታ ይበላሻል፤ አንተም ትዘገያለህ።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ለሽሽቱ አዲስ አጋዥ ተገኝቶለታል፤ ስክሪን። መርከቦች ስማቸውንና ፍጥነታቸውን ኤ.አይ.ኤስ በሚባለው የመለያ መሣሪያ ያሠራጫሉ፣ ጀልባዋም ሁሉንም በቀለም ታያለች። መልካም ነው፣ እኔም አለኝ። ግን የጀልባ መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ በየ30 ሴኮንዱ ነው የሚናገረው፤ የመርከቡ ግን በጥቂት ሴኮንድ። ስክሪኑ ላይ የመተላለፊያ ርቀቱ «0.3 ማይል» የሚል ቁጥር በቀይ ሲበራ እጁ መሪውን ሳያስበው የሚያዞር ሰው አውቃለሁ፤ ቁጥሩ ግን መርከቡ ገና ከመዞሩ በፊት የተሠራ ሊሆን ይችላል። ሌሎች ደግሞ የመርከቡን ስም ስላወቁ ብቻ በሬዲዮ ይጠሩትና «ምን ልታደርግ ነው?» ይሉታል። የብሪታንያ የባሕር ትራንስፖርት ባለሥልጣን ይህን ልማድ በጽሑፍ አስጠንቅቋል፤ ሁለት ሰዎች በሬዲዮ ሲደራደሩ ደንቡ ላይ ያልተጻፈ ስምምነት ይፈጥራሉ፣ የሚያወሩትም ከሚፈልጉት መርከብ ጋር መሆኑን እርግጠኛ አይደሉም።

የቀረው ጥያቄ አንድ ነው፣ እሱም ከባድ ነው፦ መኮንኑ ቢተኛስ? ስልኩን ቢያይስ? ደንብ 17 ለዚህም በር ከፍቷል። መርከቡ ተገቢውን እንዳላደረገ ሲታይ ጀልባዋ ራሷ ማምለጥ ትችላለች፤ በእሱ ድርጊት ብቻ ግጭቱ የማይቀር ከሆነ ደግሞ ማምለጥ አለባት። ከዚያ በፊት አምስትና ከዚያ በላይ አጫጭር የጥሩምባ ድምፅ አለ፤ ሌሊት በኃይለኛ መብራት ያንኑ ማብረቅ። የማሠልጠኛ ክፍሎቹ «ሽሽ» የሚለውን ቃል ትተው ይህን ቢያስተምሩ እመኛለሁ፦ ተማሪው ኮምፓሱ ላይ 107፣ 107፣ 107 እያነበበ፣ መርከቡ ሦስት ማይል ላይ ሳለ፣ ነፋሱ ከየት እንደሆነ አይቶ ወደየት እንደሚዞር አስቀድሞ ይወስን። ነፋሱ ከኋላው ከሆነ ሸራው በድንገት ወደ ሌላው ወገን ሲገለበጥ የምሰሶው አግድም እንጨት ሰው ጭንቅላት ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ የትኛው ወገን እንደሚሻል ከሦስት ማይል ነው የሚታሰበው። ገመዶቹን ያዘጋጅ፣ ጓደኛውን «ስልህ» ይበለው፣ መብራቱን በእጁ ይያዝ። መርከቡ አንድ ማይል ተኩል ላይ ሲደርስ ቁጥሩ አሁንም 107 ከሆነ፣ ያን ጊዜ ያዙር፤ አንዴ፣ በሰፊው፣ የሚያየው ሁሉ እንዲያየው አድርጎ፣ መልሶ ሳይለውጥ።